የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ አንድ ቀን በሐረር

ጥያቄ፦ ለሥራ ጉዳይ አንድ ሳምንት ድሬዳዋ እሰነብታለሁ። ዩኒቨርሲቲ አብራኝ የተማረች፣ ጀጎል (በግንብ በታጠረው አሮጌው ሐረር) ውስጥ ተወልዳ ያደገች ወዳጅ ሐረር አለችኝና ቅዳሜን አብረን እንድንውል ጋብዛኛለች። ያለኝ አንድ ቀን ብቻ በመሆኑ ግንቡን፣ አምስቱን በሮች፣ ሙዚየሞቹንና ማታ ጅብ የሚመገብበትን ቦታ፣ ከተቻለም ባቢሌን ጭምር ለማየት በሰዓት የተከፋፈለ ዝርዝር አዘጋጅቻለሁ። ይሁንና ዝርዝሩን ስሰጣት «እንደ አስጎብኚ ቆጠረችኝ» ብላ እንዳትቀየመኝ ፈራሁ። ምን ይመክሩኛል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ስጋትዎ ተገቢ ነው። ግንቡንና በሮቹን አስጎብኚም በሚገባ ያሳይዎታል፤ የሰው ቤት አስገብቶ መደብ ላይ ማስቀመጥ ግን የወዳጅ ድርሻ ነው። ስለዚህ ምሳው በማን ቤትና በስንት ሰዓት እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁና የቀሩትን ሰዓቶች ሁሉ ለእሱ ያስገዙ። ባቢሌን ከዝርዝሩ ያውጡ፤ ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ፣ ራሱን የቻለ ቀን የሚያስፈልጋት ቦታ ናት።

ይህን አጥብቄ የምናገረው እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ስለበደልኩ ነው። ያን ጊዜ በወረቀት የያዝኩትን ለመጨረስ ወዳጄን ከበር ወደ በር ሳስሮጣት ዋልኩና እቤቷ ስንደርስ 10 ሰዓት ሆኖ ነበር። እናቷ የምሳውን ትሪ በሰፌድ ከድነው፣ እሳቸውም እህል ሳይቀምሱ፣ በሩ ትይዩ ተቀምጠው ጠበቁን። አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም፤ ሰፌዱን አንሥተው «እጃችሁን ታጠቡ» ብቻ አሉን። ከዚያ ቀን ካየኋቸው በሮች ይልቅ ያ የተከደነ ትሪ እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ከድሬዳዋ በማለዳ፣ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ይነሡ። ሚኒባሱ የደንገጎን ጠመዝማዛ ዳገት ወጥቶ በአዴሌ፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ሐረር ለመግባት አንድ ሰዓት ያህል፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስድበታል። በመስኮት በኩል ይቀመጡ። የጅቡቲው ባቡር ሐረር ይደርሳል ተብሎ ታስቦ ሳለ በዚህ ተራራ ምክንያት ከግርጌው ቀርቷል፤ ድሬዳዋም በ1895 ዓ.ም. የተቆረቆረችው በዚሁ ሰበብ በመሆኑ፣ ዳገቱን ሲያዩት የሁለቱ ከተሞች ታሪክ ቁልጭ ብሎ ይታይዎታል። የድሬን ሙቀት ለምደው ለሐረር ጧት ነጠላ ወይም ሹራብ እንዳይረሱ፤ ለወዳጅዎ እናት ደግሞ ከቀፊራ ገበያ ፍራፍሬ ገዝተው ቢይዙ በባዶ እጅዎ አይገቡም።

ግንቡን በተመለከተ፣ ዙሪያውን ልዙር ብለው አይድከሙ። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንዳሠሩት የሚነገርለት ይህ አጥር የታቀፈው ከተማ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ (የእስልምና ቅዱሳን) መቃብሮችና መዘየሪያ ቦታዎች የተቆጠሩበት፣ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ በመሆኑ፣ በአንድ ቀን ማዳረስ አይቻልም። ይልቅስ ወዳጅዎን «አንቺ በየትኛው በር ነው የምትገቢው?» ብለው ይጠይቋት። የጀጎል ልጅ የራሷ በር አላት፤ በልጅነቷ ለትምህርት ቤት የወጣችበት፣ ዘመድ የምትሸኝበት። በአማርኛ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በርና ፈላና በር የምንላቸው በሐረሪዎች አፍ ሌላ ስም አላቸው፤ ለምሳሌ ፈላና በር «አሱም በሪ»፣ ሸዋ በር «አስመአዲን በሪ» ይባላል። ከተማዋንም ባለቤቶቿ የሚጠሯት «ጌይ»፣ ቋንቋቸውንም «ጌይ ሲናን» እያሉ ነው። እነዚህን ስሞች ከወዳጅዎ አፍ ሰምተው መድገም ጥሩ የቀን መጀመሪያ ነው። መኪና የሚገባበት ሐረር በር በኋላ ዘመን የተከፈተ ስለሆነ ከአምስቱ አይቆጠርም።

ለቁርስ ፈጢራና ፉል ከበሉ በኋላ ወደ ፈረስ መጋላ አደባባይ ይሂዱ፤ አሮጌዎቹን ፔጆ 404 ታክሲዎች በዚያ አካባቢ ያገኟቸዋል። ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ ገበያ የሚወርደው ጠባብ መንገድ፣ በስፌት መኪኖቹ ድምፅ «መኪና ግርግር» ተብሎ የተጠራው፣ ከዕለቱ አንድ ሙሉ ሰዓት ይገባዋል። ጨርቅ ይምረጡ፣ ልክዎን ያስለኩ፣ ልብሱ እስኪሰፋ ድረስ ወዳጅዎ ከሰፊው ጋር ስትጫወት አጠገቧ ይቀመጡ። ሰፊው አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሐረሪኛ እየቀያየረ ሦስት ደንበኛ ሲያስተናግድ የሚሰሙት እዚያው ሥራው ላይ ነው። ሙዚየም ካሰኘዎት አንዱን ይምረጡ። እኔ ብሆን በራስ ተፈሪ ቤት ያለውን፣ የከተማዋ ተወላጅ አብዱላሂ ሸሪፍ በግላቸው ከሰበሰቧቸው ቅርሶች የተቋቋመውን እመርጣለሁ፤ በፈረንሳዊው ባለቅኔ በራምቦ ስም የሚጠራው ቤት መልኩ ያማረ ቢሆንም፣ ባለቅኔው የኖረበት ለመሆኑ አጠራጣሪ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። ከ6 ሰዓት ተኩል ሳያልፍ እቤት ይግቡ። ጫማዎን ከደጅ አውልቀው ሲገቡ ወለሉና መደቦቹ በቀይ አፈር ተቀብተው ያገኟቸዋል፤ ቀይነቱ በ1879 ዓ.ም. የምኒልክና የሐረር አሚር ጦር በተዋጉበት በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰውን ደም ያስታውሳል የሚሉ ሽማግሌዎች አሉ። መደቦቹ «ነደባ» ይባላሉ፤ ከፍታቸውና ቦታቸው የተለያየ ስለሆነ ማን የት እንደሚቀመጥ ቤቱ ራሱ ይናገራል። «አሚር ነደባ» የአባወራው ቦታ ነውና ሳይጋበዙ አይውጡበት፤ ቆም ብለው እስኪያመለክቱዎት ይጠብቁ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በእጅ በተሰፉ የሣር ስፌቶች የተሸፈነ ነው። የአንዱን አሠራር ብቻ መርጠው የወዳጅዎን እናት ይጠይቁ፤ ማን እንደሰፋው፣ ለየትኛው ሰርግ እንደተሰፋ ማውራት ሲጀምሩ ከምሳው በኋላ ያለው ጊዜ በዚያው ያልቃል፤ ማለቁም ደግ ነው፤ በርጫ (ጫት ለመቃም) የሚቀመጠው ተቀምጦ፣ ሱቁም ብዙው ተዘግቶ ከተማዋ የምትረጋበት ሰዓት ነውና ውጭ ብዙ አይቀርብዎትም። ፎቶ ለማንሣት ስልክዎን ከማውጣትዎ በፊት ያስፈቅዱ።

የጅቡ ነገር ሲመሽ፣ 12 ሰዓት ተኩል ካለፈ በኋላ ነው። ከግንቡ ውጭ መጋቢው ጅቦቹን በየስማቸው እየጠራ ሥጋ በእንጨት ላይ ያቀርብላቸዋል፤ በአፉም ነክሶ የሚያጎርስበት ጊዜ አለ። ወዳጅዎ ብዙ ጊዜ ያየችው ነገር ስለሆነ ልትሰለች ትችላለች፤ እንደዚያ ከሆነ በአስጎብኚ ይሂዱና እሷን በጊዜ ያሰናብቷት። በዚያ ሰዓት የደንገጎን ቁልቁለት በጨለማ ከመውረድ ሐረር ማደር ይሻላል፤ የግድ የሚመለሱ ከሆነ መኪናውን ከጧቱ ይነጋገሩ።

ጥያቄ፦ የሐረር ነዋሪና የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ከባሕር ዳር የሚመጣ የቆየ ጓደኛዬ ከእኔ ጋር የሚውለው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ቀኑ ደግሞ ረቡዕ በመሆኑ እስከ 6 ሰዓት ቢሮ ነኝ። ማስተናገዱ ጎደሎ እንዳይሆንብኝ ምን ላድርግ? (ከሐረር)

መልስ፦ ጧቱን ፈቃድ ላለው አስጎብኚ ይስጡት። የአሚሮቹን ዘመን፣ የራስ መኮንንን አስተዳደርና የበሮቹን ታሪክ አስጎብኚው በቅደም ተከተል ስለሚነግረው፣ እርስዎ ከሰዓት በኋላ ሲገናኙት ስለ ራስዎ ሰፈር ብቻ ለማውራት ነፃ ይሆናሉ፤ ውኃ ይቀዱበት የነበረውን ቦታ፣ ኳስ የተጫወቱበትን ጎዳና ያሳዩት። ይህ ከማንም ሌላ የማያገኘው ነው። ጎደሎ የሚሆነው በምግቡ በኩል ካልተጠነቀቁ ነው። እንግዳዎ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ከሆነ ረቡዕ ጾም ስለሚሆን፣ ይጾም እንደሆነ በስልክ ቀድመው ይጠይቁት፤ በሌላ ቀን ቢመጣም ሥጋው ከየትኛው ሥጋ ቤት እንደሚገዛ የሚያሳስበው ሰው ሊሆን ይችላል። ቤተሰብዎም ለክብሩ ሐሸር ቃህዋ (ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላውን) ሊያፈሉለት ካሰቡ፣ ወተቱን ሳይጨምሩ ለብቻው እንዲያቀርቡለት ከማለዳው ይንገሯቸው።