መልስ፦ አባቴ የልብ ፓምፕ ከተገጠመላቸው 6 ሳምንት ሆናቸው፣ ሻወር መውሰድ ይችላሉ? ድካሙስ?

ገና ነው እህቴ፣ የፓምፑ ገመድ ከሆዳቸው የሚወጣበት ቁስል ድኖ ሐኪሞቹ ራሳቸው እሺ እስኪሉ በእርጥብ ፎጣ ብቻ አብሺያቸው፣ ሲፈቀድ መቆጣጠሪያውና ባትሪው ውሃ በማያስገባው የሻወር ቦርሳ ይገባል፣ ባኞ ውስጥ መዘፍዘፍና ዋና ግን መቼም የለም።

ድካሙ አያስደንግጥሽ። እናቴ ሃርትሜት 3 የሚባለው የልብ ፓምፕ ገብቶላት መጀመሪያ አቅሟ ከአልጋ እስከ ሽንት ቤት ነበር፣ በ3ኛው ወር ቡና ራሷ አፈላች (ባትሪው ትከሻዋ ላይ እንደተንጠለጠለ)። የእጃቸውን የደም ስር ይዘሽ ምት ብታጪም እንዳትጮሂ፣ ፓምፑ ደሙን ሳያቋርጥ ስለሚገፋ ነው።

አንድ ነገር ግን ጠንቀቅ በይ፣ ጎመን! ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን መድሃኒት) እየወሰዱ ፆም ሲገባ ድንገት ጎመን ከበዛ መድሃኒቱ ይዳከማል፣ እኛ በሁዳዴ አይኤንአሯ (ደሟ ለመርጋት የሚፈጅበትን ጊዜ የሚያሳየው ልኬት) ወርዶብን ሆስፒታል ተመልሰን ገብተናል። ይብሉ፣ ግን መጠኑ ሁሌ ተመሳሳይ ይሁን።