አንድ ፒዲኤፍ፣ ከ2 ሜጋባይት ያልበለጠ

ውድ እህታችን፣

በማኔጅመንት ተመርቀሽ ለግዥ ረዳትነት ልታመለክቺ ነው። ማስታወቂያው ማስረጃዎችሽን ሁሉ በአንድ ፒዲኤፍ፣ ከ2 ሜጋባይት ሳይበልጥ እንድትልኪ ይጠይቃል። የጽሑፍ ፈተናውም የጨረታ ሰነድ በኮምፒውተር አንብቦ መልስ ማውጣትን ይጨምራል። አንቺ ግን አክሮባት ሪደርን (ነጻውን የፒዲኤፍ ማንበቢያ ፕሮግራም) ከፍተሽ ከማንበብ ያለፈ አልሞከርሽበትም፤ የሚከፈልበት ሥልጠና ልግባ ወይ ብለሻል።

አትግቢ። ለዚህ ሥራ የሚፈለገውን በጥቂት ቀናት ልምምድ ራስሽ ትደርሺበታለሽ፤ ገንዘቡን ለስካንና ለትራንስፖርት አቆዪው።

መጀመሪያ የሚላከውን ፋይል እናስተካክል። 2 ሜጋባይት የሚጠበው ማስረጃን በስልክ ካሜራ አንስተው እንዳለ ለሚያጣብቁ ሰዎች ነው፤ አንዱ ፎቶ ብቻውን 3 ወይም 4 ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ዲግሪሽንና ስቱደንት ኮፒሽን በስካነር በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ)፣ በግራጫ ቀለም አስነሺና ዋናውን ለራስሽ አስቀምጪ። የሚላከውን ቅጂ ሊብረ ኦፊስ በሚባለው ነጻ የቢሮ ፕሮግራም አዘጋጂ፦ ምስሎቹን በኤፎር ገጽ ላይ አስገብተሽ ወደ ፒዲኤፍ ስታወጪ የምስል ጥራቱን 80 በመቶ፣ መጠኑን 150 ዲፒአይ አድርጊው። አንድ ኤፎር ገጽ ያኔ 1240 በ1754 ነጥብ ይሆናል፤ ማህተሙም ቁጥሩም ይነበባል፣ ክብደቱም አብዛኛውን ጊዜ ከ200 ኪሎባይት አይዘልም። ስምንት ገጽ ቢሆን እንኳ ይበቃሻል።

ሲቪሽንና የማመልከቻ ደብዳቤሽን ግን አትመሽ እንደገና ስካን አታስደርጊ። ብዙዎች ይህን የሚያደርጉት ፊርማ ለማኖር ብለው ነው፤ ውጤቱ ግን ጽሑፉ ምስል መሆኑ ነው፤ ተቀባዩ ስምሽን ቢፈልግ አያገኝም፣ ፋይሉም ይከብዳል። ከዎርድ ላይ በቀጥታ «ሴቭ አዝ» ብለሽ ፒዲኤፍን ምረጪ። «ፕሪንት ቱ ፒዲኤፍ» የሚለውም ይሠራል፤ ነገር ግን የኢሜይል አድራሻሽ ላይ ያለው ሊንክ ይጠፋል። ከዚያ በሪደር ከፍተሽ ኮንትሮልና ዲን ተጫኚ፤ «ፎንትስ» በሚለው ክፍል ከእያንዳንዱ የፎንት ስም አጠገብ «ኢምቤድድ» የሚል ካላየሽ፣ የአማርኛው ጽሑፍ በሌላ ሰው ኮምፒውተር ላይ ባዶ ሳጥን ሆኖ ሊታይ ይችላል።

ሪደር በነጻው ገጾችን አያጣምርም፤ እሱን የሚሠራው የሚከፈልበት አክሮባት ነው። ፒዲኤፍሳም ቤዚክ የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ያለ ኢንተርኔት ያጣምራል፣ ይከፍላል፣ ያዞራል። ማሳሰቢያ፦ በሪደር «ሮቴት ቪው» ብለሽ የተጋደመ ገጽ ብታቀኚ የተቃናው ለዓይንሽ ብቻ ነው፤ አይቀመጥም፤ ቀጣሪው አንገቱን አጋድሞ ያነበዋል። በፒዲኤፍሳም አዙረሽ አስቀምጪው። የመታወቂያሽንና የዲግሪሽን ቅጂ «በነጻ እናጣምራለን» ለሚል ድረ ገጽ አሳልፎ መስጠት ግን አንመክርም። ቅደም ተከተሉ ደብዳቤ፣ ሲቪ፣ ዲግሪ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የሥራ ልምድ ይሁን፤ የፋይሉ ስምም «ስካን 0012» ሳይሆን ስምሽና የሥራ መደቡ።

አሁን ወደ ፈተናው። የጨረታ ሰነድ መቶ ገጽ ቢያልፍ አይግረምሽ፤ ከላይ እስከ ታች በመዳፊት የሚጎትት ሰው ጊዜው ያልቅበታል። በጎን በኩል የሚከፈተው የቡክማርክ (የርዕሶች) ዝርዝር ካለ ከዚያ ጀምሪ። «ገጽ 45ን ይመልከቱ» ሲል የታተመው የገጽ ቁጥርና ፋይሉ የሚቆጥረው ብዙ ጊዜ አይገጥሙም፤ ሽፋኑና ማውጫው ስለሚቆጠሩ። ልዩነቱን አንዴ ካወቅሽ በኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤን ቁጥሩን ጽፈሽ ትሄጃለሽ። ሌላ ገጽ አይተሽ ወደነበርሽበት ለመመለስ ኦልትን ይዘሽ የግራ ቀስት። ይህችን አንዷን ብቻ ብትለምጂ እንኳ ከብዙ የቢሮ ሰው ትፈጥኛለሽ።

ትልቁ ነገር ፍለጋው ነው፤ በአማርኛ ሰነድ ላይ ደግሞ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ኮንትሮል ኤፍ ተጭነሽ «ምንም አልተገኘም» ሲልሽ «ሰነዱ ውስጥ የለም» ብለሽ መልስ አትጻፊ። አስቀድመሽ አንድ መስመር በመዳፊት ምረጪና ኖትፓድ ላይ ለጥፊው። ጨርሶ የማይመረጥ ከሆነ ገጹ ስካን የተደረገ ምስል ነው። ተመርጦ ሲለጠፍ የላቲን ፊደልና ምልክት ዝብርቅ ከሆነ፣ ሰነዱ የተጻፈው ከዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ ከሚጋሩት የፊደላት ኮድ) በፊት እንደነበሩት ባሉ የግዕዝ ፎንቶች ነው፤ ለዓይን አማርኛ ነው፣ ለኮምፒውተሩ ግን አይደለም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላም በአሮጌዎቹ ፎንቶች ብዙ ተጽፏል። በሁለቱም ሁኔታ ፍለጋ አይሠራም፤ በማውጫው መሄድ ነው። ጊዜ ካለሽ ቴሰራክት የሚባለው ነጻ ፕሮግራም የአማርኛ ምስልን ወደ ጽሑፍ ይለውጣል፤ የብር መጠንና ቀን ግን ከዋናው ጋር ሳታመሳክሪ አትመኚው።

ጽሑፉ ጤነኛ ሆኖም ፍለጋው ሊያመልጥሽ ይችላል። ፊደላችን ለአንድ ድምፅ ሁለት ሦስት ፊደል ስላለው «ዕቃ» ብለሽ ብትፈልጊ «እቃ» አይመጣም፤ «ኃላፊነት»፣ «ሀላፊነት» እና «ሃላፊነት» ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ግዥ» እና «ግዢ»፣ «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ» እንዲሁ። ሁሉንም ሞክሪ። ሁለተኛው ችግር ረቀቅ ይላል፦ «ሰነድ» ብለሽ ስትፈልጊ «ሰነዱ» አይገኝም፤ ድ እና ዱ የተለያዩ ፊደላት ናቸውና። ስለዚህ የመጨረሻውን ፊደል ቆርጠሽ «ሰነ» ብለሽ ፈልጊ፤ አንዳንድ የማይመለከትሽ ይመጣል፣ ግን የሚያመልጥሽ ይቀንሳል። እንደ «ውል» ያለውን አጭር ቃል መቁረጥ ስለማይቻል «ውሉ»ንም «ውላ»ንም ለየብቻ ፈልጊ። «ዋስትና» ግን «ዋስትናው»ንም «የዋስትና»ንም ይዞ ይመጣል፤ «ሙሉ ቃል ብቻ» የሚለው ምርጫ ምልክት እንዳይኖረው ብቻ ተጠንቀቂ። ሰነዱ ብዙ ፋይል ከሆነ በሪደር ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤፍ ተጭነሽ ፎልደሩን በሙሉ በአንዴ ማስፈለግ ትችያለሽ።

ለመለማመጃ የነጋሪት ጋዜጣ አዋጅ ውሰጂ፤ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ጥሩ ነው፣ ለአንቺም ይጠቅምሻል። አማርኛውና እንግሊዝኛው ጎን ለጎን ስለተቀመጡ አንቀጽ ስትገለብጪ ሁለቱ ሊደባለቁብሽ ይችላሉ። ኦልትን ይዘሽ የአማርኛውን ዓምድ ብቻ በሳጥን ምረጪ። የሙከራ ጊዜን፣ የዓመት ፈቃድንና የሥራ ስንብት ክፍያን የሚመለከቱትን አንቀጾች ሰዓት ይዘሽ አውጪ፤ ያገኘሽውን በሃይላይት ቀብተሽ ምን እንደሚል በኮሜንት ጻፊበት።

ስለ ፊርማ ጠይቀሽ ነበር። በሪደር «ፊል ኤንድ ሳይን» የፊርማሽን ምስል ደብዳቤው ላይ ማኖር ትችያለሽ፤ ለማመልከቻ ይበቃል። ይህ ግን በአዋጅ ቁጥር 1072/2010 ከተደነገገው በሰርተፍኬት የሚረጋገጥ ዲጂታል ፊርማ ጋር አንድ አይደለም፤ ፈታኙ ልዩነቱን ከጠየቀሽ እሱን በይ። ሥራ ከገባሽ በኋላም የተጫራች ዋጋ ለመደበቅ ጥቁር ሳጥን ደርበሽ እንዳትልኪ፤ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ተመርጦ ይገለበጣል።

ሲቪሽ ላይ «የፒዲኤፍ ችሎታ» ብለሽ አትጻፊ። «የጨረታና የሕግ ሰነዶችን በኮምፒውተር መፈለግ፣ ማጣመርና ማደራጀት» ይበቃል፤ ስትጠየቂም የላክሽው ፋይል ራሱ ምስክር ነው። በፈተናው ኮምፒውተር ላይ ሪደር ከሌለ አትደንግጪ፤ የዊንዶውስ ኤጅ ፒዲኤፍ ይከፍታል፣ ኮንትሮል ኤፍም እዚያ ይሠራል። የምታጪው ፎልደርን በአንዴ መፈለግ ነው፤ ያኔ ፋይሎቹን አንድ በአንድ መክፈት ስለሚኖርብሽ መጀመሪያ «የተጫራቾች መመሪያ» የሚለውን ያዢ፤ ስለ ዋስትና፣ ስለ ማስረከቢያ ቀንና ስለ ግምገማ የሚጠየቀው በአብዛኛው ከዚያ ነው።