ስለ ኢንትሮፒ፣ ስለ ውስብስብነትና ስለ ከተማ ኢኮኖሚ፦ ጥያቄና መልስ

ከከተማ ኢኮኖሚክስ ተማሪዎችና ከፕላን ባለሙያዎች የቀረቡልኝን ጥያቄዎች እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ። ዓ.ም. ካልተባለ በስተቀር ዓመታቱ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ መምህር፣ ኢንትሮፒ ማለት መዘበራረቅ ነው ሲባል እንሰማለን። እንዲህ ከሆነ መንገዷ የተጨናነቀና ሰፈሯ የተደበላለቀ ከተማ ኢንትሮፒዋ ከፍተኛ ነው ማለት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፤ በዚህ ትምህርት ውስጥ አብዛኛውን ስሕተት የሚወልደው ይኸው አተረጓጎም ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። ክሎድ ሻነን በ1948 ለመረጃ ባበጀው ትርጉም መሠረት ኢንትሮፒ የሚለካው ስለ አንድ ሥርጭት ምን ያህሉን እንደማናውቅ ነው። አራት ሠራተኞች በሁለት ሰፈሮች ይኖራሉ እንበል። አራቱም በመጀመሪያው ሰፈር የሚሆኑበት መንገድ 1 ብቻ ነው፤ ሦስቱ በመጀመሪያው አንዱ በሁለተኛው የሚሆኑበት መንገድ 4፣ ሁለት ሁለት ሆነው የሚኖሩበት ግን 6 ነው። ማን የት እንደሚኖር ሳይነገረን ቁጥሩን ብቻ ገምቱ ብንባል ሁለት ለሁለት ማለታችን ሰፈሩ ስለ ተዘበራረቀ አይደለም፤ በብዙ መንገድ ሊሆን የሚችለው እርሱ ስለሆነ ነው። የመንገድ መጨናነቅ የመንገዱ አቅምና የተጓዡ ብዛት አለመመጣጠን ነው፤ በጣም በተስተካከለ ሥርጭትም በጣም በተዛባም ሊከሠት ይችላል።

ጥያቄ፦ ታዲያ ይህ ሐሳብ ወደ ከተማ ጥናት በምን በኩል ገባ?

መልስ፦ በስበት ሞዴል በኩል ነው። ዊሊያም ራይሊ በ1931 ስለ ችርቻሮ ገበያ ሲጽፍ የኒውተንን ሕግ ተውሶ ነበር፤ ትልቅ ከተማ ገበያተኛን ይስባል፣ ርቀት ደግሞ ስበቱን ያዳክማል። ስሌቱ እውነተኛውን ጉዞ በመጠኑ ይገምታል፤ ለምን እንደሚገምት ግን ከኒውተን የተወሰደው ምሳሌ ሊያስረዳ አይችልም፤ ሰው ፕላኔት አይደለምና። እንግሊዛዊው አለን ዊልሰን በ1967 ያሳተመው ጽሑፍ መልሱን ከሌላ አቅጣጫ አመጣ። ከየሰፈሩ የሚወጣው ሠራተኛ ብዛት፣ በየቦታው ያለው የሥራ ብዛትና ከተማው በጠቅላላ ለጉዞ የሚያወጣው ወጪ ከታወቁ፣ እነዚህን ሦስት ገደቦች ከሚያሟሉት ሥርጭቶች መካከል በብዙ መንገድ ሊፈጠር የሚችለው ሲመረጥ፣ የሚገኘው ቀመር የስበት ሞዴል ቤተሰብ ሆኖ ይወጣል። በቀመሩ ውስጥ ቤታ የምንለው ቁጥር ሰዎች ከጉዞ ወጪ ምን ያህል እንደሚሸሹ ይነግረናል። አሌክስ አናስ ደግሞ በ1983 ይኸው ቀመር እያንዳንዱ ሰው የሚጠቅመውን ይመርጣል ብሎ ከሚነሣው የሎጂት ሞዴል ጋር አንድ እንደሆነ አሳየ፤ ስለዚህ «ኢንትሮፒ የፊዚክስ እንጂ የኢኮኖሚክስ አይደለም» የሚለው ክርክር በእኔ እምነት ከዚያ ወዲህ ብዙ ክብደት የለውም።

ጥያቄ፦ ቤታ ዜሮ ቢሆንስ? ከሀገራችን ምሳሌ ቢሰጡን።

መልስ፦ ከሁሉም በላይ የምወደው ጥያቄ ይህ ነው፤ ምሳሌው በዓይናችን ፊት አለና። ቤታ ዜሮ ማለት የሰው መኖሪያ ከሥራ ቦታው ጋር ምንም ግንኙነት ሳይኖረው ሲደለደል ነው። በአዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም በዕጣ ሲታደል የሆነው ከዚህ ጋር በጣም ይቀራረባል፤ ዕጣው ሥራህ ሜክሲኮ ነው ወይስ መገናኛ ብሎ አይጠይቅም፤ ጀሞ ወይም የካ አባዶ ወይም ኮዬ ፈጬ ይደርስሃል። በሒሳብ እንየው። በከተማው ሁለት ዳርቻዎች 100፣ 100 ሠራተኛና 100፣ 100 ሥራ ቢኖር፣ ወጪ ባልታሰበበት ድልድል ከ200ው ሠራተኛ 100ው በየማለዳው ከተማውን አቋርጦ መሄድ አለበት፤ የጉዞ ወጪ ቢታሰብ ኖሮ ይህ ቁጥር በእጅጉ ያንስ ነበር። ዕጣው ለፍትሐዊነት ሲባል እንደ ተመረጠ አውቃለሁ፤ ያንንም አከብራለሁ። ነገር ግን ሒሳቡ የጠየቀውን ዋጋ ባለዕድለኛው በታክሲ ሰልፍ ላይ ይከፍለዋል። ብዙዎች የደረሳቸውን ቤት አከራይተው ለሥራቸው በቀረበ ሰፈር ራሳቸው ተከራይ የሆኑት ለዚህ ነው፤ በሞዴሉ ቋንቋ ሲነገር፣ ዕጣው ዜሮ ያደረገውን ቤታ የኪራይ ገበያው ቀስ በቀስ እየመለሰው ነው ማለት ነው። በቤት ፈላጊው ምዝገባ ላይ የሥራ ቦታ የሚሞላበት አንድ መስመር ቢጨመርና ዕጣው በዚያው አቅጣጫ ካሉ ሳይቶች መካከል ቢወጣ፣ ፍትሐዊነቱ ሳይጓደል ብዙ የሰው ሰዓት ይተርፍ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ የአንድን ከተማ የኢኮኖሚ ብዝኃነት በኢንትሮፒ መለካት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ብዝኃነቱ ይበልጣል፤ መለኪያውም ቢት ይባላል። ሥራው በአራት ዘርፎች እኩል የተከፈለ ከተማ ኢንትሮፒው 2 ቢት ነው፤ 97 በመቶው በአንድ ዘርፍ፣ ቀሪው በሦስቱ አንድ አንድ በመቶ ሆኖ የተከፈለ ከተማ ግን 0.24 ቢት ገደማ ብቻ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ማይክል ባቲ በ1974 እንዳሳየው በቦታ ላይ የሚሰላ ኢንትሮፒ በዞኖቹ ብዛትና ስፋት ይለዋወጣል፤ ከተማውን በክፍለ ከተማ ከፍላችሁ ያገኛችሁትን ቁጥር በወረዳ ከተገኘው ጋር በቀጥታ አታወዳድሩ።

ጥያቄ፦ በቴርሞዳይናሚክስ ሁለተኛ ሕግ መሠረት ከተሞች ሁሉ ወደ መፍረስ ያመራሉ?

መልስ፦ ሕጉ ኢንትሮፒ አይቀንስም የሚለው ስለ ዝግ ሥርዓት ነው፤ ከተማ ደግሞ ምግብ፣ ውሃ፣ ነዳጅና ሰው ከውጭ የሚያስገባ ክፍት ሥርዓት ነው። ኢሊያ ፕሪጎጂን በ1977 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለመበት ሥራ ክፍት ሥርዓት ከሚዛን ርቆ የተደራጀ አወቃቀር ሊፈጥር እንደሚችል ያሳያል።

ጥያቄ፦ የውስብስብነት ንድፈ ሐሳብ ከኢንትሮፒ ስሌት በምን ይለያል?

መልስ፦ ዋረን ዊቨር በ1948 ሁለት ዓይነት ውስብስብነት ለየ፤ አንዱ ብዙ ነገሮች እርስ በርስ ሳይተሳሰሩ የሚሠሩበት ያልተደራጀው ሲሆን፣ ሌላው ክፍሎቹ የተሳሰሩበት የተደራጀው ነው። ጄን ጄኮብስ በ1961 ከተማ የሁለተኛው ዓይነት ጉዳይ ነው አለች። የዊልሰን ስሌት የመጀመሪያውን ዓይነት በደንብ ይይዛል፤ ሥራዎቹ ለምን በአንድ ቦታ እንደ ተሰበሰቡ ግን አይነግረንም፤ እንደ ተሰጠ ይወስደዋልና። መርካቶን ተመልከቱ። ገበያው ከአራዳ ወደዚያ የተዛወረው በጣሊያን ወረራ ዘመን በዕቅድ ነው፤ ሸማ ሻጩ ከሸማ ሻጭ አጠገብ፣ ቆርቆሮ ሻጩ ከቆርቆሮ ሻጭ አጠገብ እንዲሆን የሚያደርገው ግን ገዢው አማርጦና አወዳድሮ መግዛት የሚፈልግ መሆኑ ነው። ገዢው ሻጮች ስላሉ ይመጣል፣ ሻጩም ገዢ ስለሚመጣ ይጨመራል፤ ሂደቱ ራሱን ያጠናክራል። መነሻውም ራሱን የቻለ ክብደት አለው። ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ የደረሰው ወደ ሐረር ደጋ መውጣት አስቸጋሪ ስለነበረ ነው፤ ያ የምህንድስና ውሳኔ ለዘመናት የንግድ ማዕከል ከነበረችው ከሐረር ጎን አዲስ ከተማ አቆመ።

ጥያቄ፦ የዚፍ ሕግ በኢትዮጵያ ይሠራል?

መልስ፦ ሕጉ ሁለተኛዋ ከተማ የመጀመሪያዋን ግማሽ፣ ሦስተኛዋ ሲሶ ታህላለች ይላል። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ አዲስ አበባ 2.74 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ሲኖራት፣ ቀጥላ የመጣችው የድሬዳዋ ከተማ 233 ሺህ ገደማ ነበራት። በሕጉ መሠረት ወደ 1.37 ሚሊዮን መድረስ ነበረባት። ከራሷ ከአዲስ አበባ በቀር ሕጉ የሚጠብቀውን ያህል ትልቅ ከተማ አልነበረንም ማለት ነው።

ጥያቄ፦ መንገድ ሲሠራና የመጓጓዣ ወጪ ሲቀንስ ሥራና ሀብት ወደ ትንንሽ ከተሞች ይሰራጫል አይደለም?

መልስ፦ ብዙ ጊዜ በዚህ ተስፋ ብቻ ይታቀዳል፤ ይህም ያሳስበኛል። ፖል ክሩግማን በ1991 ያቀረበው ሞዴል ተቃራኒውም እንደሚሆን ያሳያል። መጓጓዣ በጣም ውድ ሲሆን እያንዳንዱ አካባቢ የራሱን አምራች ይዞ ይቆያል፤ ወጪው ከአንድ ደረጃ በታች ሲወርድ ግን በብዛት በማምረት ዋጋ መቀነስ የሚችለው የትልቁ ከተማ ፋብሪካ ወደ ትንሹ ገበያ ይደርሳል፤ የትንሹ ከተማ ልብስ ሰፊና ሳሙና ሠሪ ያን ጊዜ ሥራቸውን ሊያጡ ይችላሉ። ሃሪስና ዊልሰን በ1978 እንዳመለከቱት ለውጡ ሁልጊዜ ቀስ በቀስ አይመጣም፤ ለዓመታት ምንም ያልታየበት ገበያ ደፉን ሲያልፍ በአንድ ጊዜ ሊከስም ይችላል። ስለዚህ መንገድ ሊደርሳት ስላለች ከተማ ስታጠኑ፣ ወደዚያ የሚገባውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን ከዚያ ሊወጣ የሚችለውንም ቁጠሩ፤ ተጭኖ የሚመለስ ነገር የሌለው መኪና በበዛበት መስመር ላይ ማን እንደሚጠቀም አስቀድሞ መገመት ይቻላል።