የቤት ጉዳይ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሥዕል እሠራለሁ። ጎንደር ፒያሳ አጠገብ፣ ወደ አንገረብ ወንዝ በሚወርደው ተዳፋት ላይ ባለ አንድ መኝታ ቤት አግኝቻለሁ። ከመንገድ ሲያዩት ተራ ቤት ነው፤ የሚከራየው ግን ከሥሩ ያለው፣ በሩ ወደ ጓሮ የሚከፈተው ምድር ቤት ነው። ሰፈሩን ወድጄዋለሁ፤ ሰዓሊውም አዝማሪውም እዚያው ነው፤ ቅዳሴውም አዛኑም ከአንድ ግቢ ይሰማል። ከመያዜ በፊት ምን ልይ?

መልስ፦ ወረዛን ይዩ። ጎንደር በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል ባለ ከፍታ ላይ ስለተቀመጠች እንዲህ ያለው ቤት ብዙ ነው፤ የኋላ ግድግዳው አፈር ተደግፎ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ ይከርማል። በጥር ሁሉም ቤት ደረቅ ነው፤ ከተቻለ በነሐሴ ይዩት። በበጋ ከሆነ ቁም ሳጥኑን ፈቀቅ አድርገው ከኋላው ያለውን ግድግዳ ይመልከቱ። ከወለሉ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ዱቄት የመሰለ ነጭ ጨው ካለ ወይም ቀለሙ ተላጦ ከሆነ ውሃ እየገባ ነው። ከአራቱ ግድግዳ አንዱ ብቻ አዲስ ቀለም ከተቀባ ደግሞ ይጠርጥሩ።

ለማረጋገጥ ክንድ በክንድ የሆነ ላስቲክ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በስኮች አጣብቀው ሁለት ቀን ይተዉት። ጠብታው ከላስቲኩ ሥር፣ በግድግዳው በኩል ከተገኘ ውሃው የመጣው ከአፈሩ ነው። በክፍሉ በኩል ከሆነ የማብሰያና የትንፋሽ እንፋሎት ስለሆነ መስኮት መክፈት ይበቃል። ከአፈር የሚመጣውን የሚያቆመው የውጭ ሥራ ብቻ ነው፦ የጣሪያው አሸንዳ ውሃውን ከግድግዳው አርቆ እንዲጥል ማድረግ፣ ከግድግዳው ጀርባ ቦይ ቆፍሮ ጠጠር መሙላትና ውሃውን ወደ ጎን ማስወጣት። ብዙ አከራዮች ከውስጥ ሲሚንቶ ይለስኑና ጨረስን ይላሉ። ውሃው መውጫ ሲያጣ ከልስኑ በላይ ብቅ ይላል። ለድንጋይና ለጭቃ ግድግዳ እርጥበት የሚያስተነፍስ ኖራ ይሻላል፤ የፋሲል ግንብም የተገነባው በኖራ ነው። ይህ የአከራዩ ወጪ ስለሆነ ከመፈረምዎ በፊት ያሠሩት። ብራና ላይ የሚሥሉ ከሆነማ ለድርድር የሚቀርብ ነገር አይደለም፤ ብራና እርጥበት ሲጠጣ ይሸበሸባል።

ስለ ብርሃን፦ ቀጥታ ፀሐይ አያስገባም ተብሎ “ለሰዓሊ የሰሜን መስኮት” የሚባለው ምክር ለጎንደር በግማሹ ነው የሚሠራው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ስለምትሆን በዚያ መስኮትም ትገባለች። ደመና በሌለበት በግንቦት ነጭ መጋረጃ ያስፈልግዎታል።

ጥያቄ፦ ግቢያችን ውስጥ አራት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ እንጠቀማለን። አከራያችን እማማ ሒሳቡን እኩል ያካፍሉናል። እኔ ብቻዬን ነኝ፣ እንጀራም የምገዛው ከውጭ ነው። ተበድያለሁ?

መልስ፦ አዎ፣ በሁለት በኩል። አንደኛ፣ ትንሽ ተጠቅመው እኩል ይከፍላሉ። ሁለተኛ፣ የመብራት ታሪፍ በእርከን ስለሆነ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ለየብቻ ቢሆን እያንዳንዳችሁ በወር 50 ኪሎዋት ሰዓት ተጠቅማችሁ ዝቅተኛው እርከን ላይ በቀራችሁ ነበር፤ በአንድ ቆጣሪ ግን 200 ሆኖ ይቆጠራል። የተሻለው ለየቤቱ ቆጣሪ ማስገባት ነው። እስከዚያው በየቤቱ መስመር ላይ የውስጥ ቆጣሪ ተገጥሞ በንባቡ ተካፈሉ፤ እማማንም ከጭቅጭቅ ያሳርፋቸዋል። ሌላም ነገር አለ፦ 3,500 ዋት የሚስብ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይወስዳል። ሁለት ጎረቤት ቅዳሜ ጠዋት በአንድ መስመር ከጋገሩ ሽቦው ይግላል፣ ሶኬቱም ይቀልጣል። ምጣድ ለብቻው 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦና የራሱ ብሬከር ይኑረው፤ በማከፋፈያ ጭራሽ አይሰካ።

ጥያቄ፦ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠየቁኝ። ለጥምቀትም ቤቱን ለእንግዳ እንድለቅላቸው ይፈልጋሉ።

መልስ፦ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፣ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይደነግጋል። በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ ሲወስን ስለሆነ መጀመሪያ ክፍለ ከተማውን ይጠይቁ፤ ያም ሆነ ይህ ተስማምታችሁ እነዚህኑ ነጥቦች ውሉ ላይ ማስፈር ትችላላችሁ። ኪራዩን በባንክ ያስገቡ፤ ደረሰኙ ምስክር ነው። ለጥምቀት መልቀቅ ግዴታዎ አይደለም። ከተስማሙ ግን ቀኑ፣ ለምሳሌ ከጥር 8 እስከ 13፣ ከኪራዩ የሚቀነሰው ብርና የሚቆለፍበት ዕቃ ዝርዝር ይጻፍ።

ጥያቄ፦ ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ለሁለት ሰውና ለትንሽ የጎመን መደብ ስንት ሊትር ሮቶ ይበቃል?

መልስ፦ በቁጠባ ለአንድ ሰው በቀን 40 ሊትር፣ ለ4 ካሬ ሜትር መደብ በበጋ 20 ሊትር ይያዙ። በቀን 100 ሊትር ስለሚሆን 1,000 ሊትር ሮቶ አሥር ቀን ያደርሳል። ሲሞላ ግን አሥር ኩንታል ይመዝናል፤ ጓሮውን ከላይ ከሚደግፈው ካብ ጫፍ ላይ አያስቀምጡት። ጎመኑን ልብስ ካለቀለቁበት ውሃ ያጠጡት፣ በረኪና የገባበትን ግን ይድፉት።