መልስ፦ መግነጢሳዊ መስክ እንዲከልል የሠራሁት የዋይቢሲኦ (YBCO፣ በጣም ሲቀዘቅዝ ሱፐርኮንዳክተር የሚሆን ሴራሚክ) ቱቦዬ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ገብቶም ውስጡ ያለው ሴንሰር ለምን 35 ማይክሮቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ መለኪያ) ያሳያል?

ቱቦህ አልተበላሸም። ያነበብከው የመሬት መግነጢሳዊ መስክ ነው። ዋይቢሲኦ ከ92 ኬልቪን በታች ሲወርድ ባዶ ውስጡ የነበረው መስክ ታስሮ ይቀራል፤ የሚከለክለው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ለውጥ ብቻ ነው።

1. አውጥተህ እስከ ክፍል ሙቀት ድረስ አሙቀው፤ የታሰረው ይለቃል።
2. ሳይቀዘቅዝ መሃሉ ላይ ያለውን መስክ በሄልምሆልትዝ ኮይል (ትይዩ የቆሙ ሁለት እኩል የሽቦ ጥቅልሎች) ዜሮ አድርግ። ያለህበት ጎጃም ለማግኔት ወገብ (የመሬት መስክ ፍጹም አግድም ለሚሆንበት መስመር) ቅርብ ስለሆነ መስኩ አግድም ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ሰሜን-ደቡብ የዞረ አንድ ጥንድ ኮይል አብዛኛውን ያጠፋልሃል።
3. በዝግታ አቀዝቅዝ። ጨርሶ ከቀዘቀዘ በኋላ ኮይሉን አጥፋ።

ሴንሰሩን የቱቦው አፍ ላይ አታስቀምጥ። ከአፉ ወደ ውስጥ የራዲየሱን ሦስት እጥፍ ግባ፤ 2 ሳንቲሜትር ራዲየስ ካለው 6 ሳንቲሜትር ማለት ነው። እዚያ ጥልቀት ላይ ከጎን የሚመጣው መስክ ወደ 250ኛ እጁ ይወርዳል፤ በቱቦው ርዝመት አቅጣጫ የሚመጣው ደግሞ ከዚያ በጣም ያነሰ ይሆናል። ሁለቱም አፍ ክፍት ከሆነ ቱቦው ቢያንስ 12 ሳንቲሜትር ይርዘም።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ፦ ዋይቢሲኦን እርጥበት ይበላዋል። ከናይትሮጅኑ ስታወጣው ወዲያው ሲሊካ ጄል ያለበት ፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ዘግተህ አሙቀው፤ በተለይ በክረምት። ላዩ ላይ የሚይዘው በረዶ ቀልጦ ውሃው ከሰረገበት ቱቦው ይሰነጠቃል፣ በስንጥቁም መስኩ ይገባል።