ውርጭ ሳይነካው የሚሞት እግር

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደሮች ምሽግ ውስጥ ቆመው እግራቸው ይበሰብስ እንደነበር በፊልም አየሁ። እኔ የምሠራው መኪና እጥበት ነው፤ ቀኑን ሙሉ እግሬ እርጥብ ነው። ማታ ቦት ጫማዬን ሳወልቅ ነጭ ሆኖ ተጨማዶ፣ ደንዝዞ አገኘዋለሁ። የእነሱ በሽታ እኔንም ይይዘኛል?
(አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሊይዝዎት ይችላል። ለነገሩ እርስዎ ማታ ጫማ ያወልቃሉ። እነዚያ ግን ቤልጂየምና ሰሜን ፈረንሳይ ጭቃ ውስጥ ለቀናት ሳያወልቁ ይቆሙ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1914 ወደ 1915 በተሻገረው ክረምት ብቻ ከእንግሊዝ ጦር ወደ 20,000 ሰው እግሩን ታሟል።

ብዙ ሰው ውርጭ የመታቸው ይመስለዋል። አይደለም። ውሃው በረዶ መሆን የለበትም፤ ሙቀቱ እስከ 15 ዲግሪ ቢሆንም እርጥበቱ ከቆየ ይበቃል። የሐምሌ አዲስ አበባ እኮ ከዚህ አይርቅም! ቅዝቃዜው የደም ሥሮችን ያጠብባል፤ ነርቭና ሥጋ ደም ያጣሉ። መጀመሪያ እግሩ ይገረጣል፣ ይደነዝዛል። ሲሞቅ ደግሞ ይቀላል፣ ያብጣል፣ እንደ እሳት ያቃጥላል። ችላ ከተባለ ውሃ ይቋጥራል፣ ይጠቁራል፤ መቆረጥ የሚመጣው ያኔ ነው። ጠባብ ጫማ ያባብሰዋል።

ጦሩ መላ ያገኘው ከመድኃኒት አልነበረም። ወታደሩ ትርፍ ካልሲ እንዲይዝና እንዲቀይር ታዘዘ፤ ጓደኛሞች ተጣምረው አንዱ የሌላውን እግር እንዲያይ ተደረገ። የዓሣ ነባሪ ዘይትም ይቀቡ ነበር፤ እኔ ግን ከዘይቱ ይልቅ በካልሲው ነው የማምነው።

እርስዎም ትርፍ ካልሲ ይዘው ይግቡ፤ ምሳ ሰዓት ላይ እግርዎን አድርቀው ይቀይሩ። ውሃ ባይገባም ላብ ያረጥባል። ማታ አይሹት፤ አድርቀው ከፍ አድርገው ያሳርፉት። ከሰል ማንደጃ ወይም የፈላ ውሃ ግን አደራ! የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይሰማውም።

ሌላው የምሽግ ጣጣ ቅማል ነበር። በየአምስት ቀኑ እየተመላለሰ ቅልጥም የሚያመው ትኩሳት በቅማል እንደሚተላለፍ እ.ኤ.አ. በ1918 ተረጋገጠ። እኛም አገር የሚያገረሽ ትኩሳት የሚያመጣ የልብስ ቅማል እስካሁን አለ።

ድንዛዜው እስከ ጠዋት ካልለቀቀ፣ ቆዳው ከቆሰለ ወይም ከጠቆረ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ስኳር ካለብዎት ግን ይህን ሁሉ ሳይጠብቁ አሁኑኑ ይታዩ።