መልቀቂያ ለጻፈችው ወጣት መሐንዲስና ለእኩዮቿ

አንዲት ወጣት መሐንዲስ በቅርቡ ምክር ጠየቀችኝ። አለቃዋ ለድልድይ ምሰሶ የመረጡት ቦታ አፈሩ እንደማይሸከም በቃልም በጽሑፍም አስታውቃ ሰሚ ስታጣ፣ የደረሰባትን በደል አንድ በአንድ የዘረዘረችበት የመልቀቂያ ደብዳቤ ጽፋ፣ «ልላከው ወይስ ይቅር?» አለችኝ። ጥያቄዋ የቆየ ቁጭት ቀሰቀሰብኝ። ከእኔ ጋር ይሠራ የነበረ፣ በሙያው ከሁላችንም የላቀ ሰው፣ እንዲሁ እውነት ብቻ የሞላበት ደብዳቤ ትቶልን በአንድ ሌሊት ከመሥሪያ ቤታችን ወጣ፤ የደከመበት ጥናትም የሚረከበው ጠፍቶ መደርደሪያ ላይ ቀረ። እርሱን ባነሣሁ ቁጥር ግን ስኮትላንድ ስማር ታሪኩን ያወቅሁት ጄኔራል ሎርድ ጆርጅ መሬይ ይመጣብኛል።

ሎርድ ጆርጅ እ.ኤ.አ. በ1694 የተወለደ የአቶል መስፍን ልጅ ነው። በ1715 እና በ1719 ከብሪታንያ ዙፋን ለተባረረው ለስቱዋርት ቤተሰብ ተሰልፎ ተሰደደ፤ በ1725 ምሕረት አግኝቶ ትዳር መሥርቶ ይኖር ጀመር። በ1745 የዚያው ቤተሰብ ልዑል ቻርልስ ኤድዋርድ «የአባቴን ዙፋን አስመልሳለሁ» ብሎ ስኮትላንድ ሲደርስ ግን፣ ሃምሳ ዓመት የሞላው ይህ ሰው ዳግመኛ ተነሣ። ሕይወቱን፣ ሀብቱንና የሚስት የልጆቹን ኑሮ እያስያዘ መሆኑን ያውቅ ነበር፤ ከመንግሥት ጎን ለቆመው ወንድሙም ይህንኑ ጽፎለታል። ይሁንና ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ከመንግሥቱ ጦር አዛዥ ሹመት ተቀብሎ ስለነበር፣ በልዑሉ ዙሪያ ያሉት ሰዎች ከመጀመሪያው በጥርጣሬ ያዩት ነበር።

የጦርነት ችሎታው አያጠያይቅም። መስከረም 21 ቀን 1745 ፕሬስተንፓንስ ላይ፣ አንድ የአካባቢው ሰው በጠቆመው የረግረግ መንገድ ጦሩን በጨለማ አሻግሮ ጠላትን ጎሕ ሲቀድ ደረሰበት፤ ውጊያው በደቂቃዎች ውስጥ አለቀ። ረዳቱ የነበረው ጆንስተን፣ ልዑሉ ዘመቻውን ሁሉ ተኝቶ አሳልፎ ነገሩን ለሎርድ ጆርጅ ቢተውለት ኖሮ ሲነቃ ዘውዱን ጭንቅላቱ ላይ ያገኘው ነበር ብሏል። ይኸው ረዳቱ ግን ኩሩ፣ ግልፍተኛና ሁሉን እኔ ልዘዝ ባይ እንደነበረም አልሸሸገም። የእንግሊዝ ከተማ ካርላይል ስትያዝ ተቀይሞ ሥልጣኑን መልሶ፣ ተቀናቃኙ ቦታውን ሲለቅለት እንደገና ተረክቧል። ይህ አንድ ጊዜ ሲሳካ ሁልጊዜ የሚሳካ ይመስላል። ታኅሣሥ 5 ቀን ደርቢ ላይ፣ ለንደን ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራት፣ እንግሊዞች ሊያግዟቸው እንዳልተነሡ፣ ፈረንሳዮችም እንዳልመጡ ገልጦ እንመለስ አለ፤ አብዛኞቹ አለቆች ደገፉት፤ ልዑሉ ግን እስከ መጨረሻው ይቅር አላለውም። እኔ በወጣትነቴ ሎርድ ጆርጅን ሙሉ በሙሉ ትክክል አደርገው ነበር፤ ዛሬ አንዳንድ ቀን ትንሽ ቢገፉበትስ ኖሮ እላለሁ።

የመጨረሻው ውጊያ የተደረገበትን፣ ስኮትላንድ ውስጥ ያለውን የከሎደንን ሜዳ ግን ሄጄ አይቼዋለሁ። ሜዳው ገላጣና ነፋሻ ሲሆን፣ የየጎሳው ስም የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ቆመውበታል፤ ከመንገዱ ትንሽ ወጣ ሲሉ ጫማ ውኃ ይጠጣል። የአፈር ሰው ስለሆንኩ ሳይሆን አይቀርም፣ ከድንጋዮቹ ይልቅ መሬቱን ሳይ ዋልኩ። ከልዑሉ ጋር የተሰለፉት የስኮትላንድ ተራራማ አገር ሰዎች ስልት ጎራዴ መዝዘው በፍጥነት መጋጨት ነው፤ ረግረጉ እርምጃቸውን ያዘገያል፣ ገላጣነቱም ለመድፍ ያጋልጣቸዋል። ሎርድ ጆርጅ ይህን አይቶ ከኔርን ወንዝ ማዶ ያለውን ወጣ ገባ መሬት በመኮንኖች አስጠንቶ ነበር፤ ነገር ግን የልዑሉ ወዳጅ ኦሳሊቫን የመረጠው ሜዳ ጸና። ስንቅ የሚያቀርበው ጆን ሄይም ሥራውን ስላልተወጣ፣ በውጊያው ዋዜማ ለወታደሩ የደረሰው አንድ አንድ ብስኩት ነበር። በዚያ ሆድ ጠላትን ሌሊት ለማጥቃት ወደ ኔርን ከተማ ገሠገሡ፤ ሳይደርሱ ሊነጋ ሲል ሎርድ ጆርጅ መለሳቸው፤ ሚያዝያ 16 ቀን 1746 እንቅልፍም እህልም ያጡ ሰዎች ተሰለፉ። ውጊያው በልዑሉ ጦር ሽንፈት ሲያልቅ አንድ ሰዓት አልሞላም። እርሱ በቀኝ ክንፍ የአቶልን ሰዎች እየመራ ከጠላት መስመር ገብቶ ተዋግቷል።

በማግስቱ ሩትቨን ከተባለ ስፍራ ለልዑሉ ደብዳቤ ጻፈ። የፈረንሳይ እርዳታ ሳይረጋገጥ መምጣቱን ነቀፈ፣ ኦሳሊቫንን ወቀሰ፣ ሄይን በወታደሩ ረኃብ ከሰሰ፣ ሥልጣኑንም ለቀቀ። ሐሰት አልነበረበትም ባይ ነኝ። ነገር ግን የተረፉት ወታደሮች በዚያው በሩትቨን ገና እየተሰባሰቡ ነበር፤ ለዛሬ የሚጠቅመው ነገርና የትናንቱ ቂም በአንድ ወረቀት ሲታጨቁ ለልዑሉ የታየው ቂሙ ነው። ልዑሉ ጦሩ እንዲበተን አደረገ። በ1747 ሎርድ ጆርጅ በስደት ሮም ሲደርስ የልዑሉ አባት በክብር ተቀበለው፤ ፓሪስ ሲሄድ ግን ልጁ ሊያየው አልፈቀደም። በ1760 ሆላንድ ውስጥ መደምብሊክ ሞተ።

እናንተ ወጣቶች ቅሬታችሁን በእኩለ ሌሊት በስልክ ጽፋችሁ ሳይነጋ ትልኩታላችሁ። የእኛ ትውልድ በአንጻሩ ዓመት ሙሉ ውጦት ጨጓራውን ይታመማል፤ ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል ቆርጬ አልናገርም። ሎርድ ጆርጅ አንደበቱ ቢለዝብ ኖሮ ልዑሉ ይሰማው ነበር ብዬ ብዙ ጊዜ ተናግሬአለሁ፤ ለልዑሉ ደስ የሚያሰኘውን ብቻ የሚነግሩት ሰዎች መሐል ልዝብ አንደበት ምን ያህል ይራመድ እንደነበር ግን እጠራጠራለሁ።

አንቺ ልጄ፣ የአፈሩን ምርመራ ውጤት ስለ አለቃሽ አንድም ቃል ሳትጨምሪበት ለብቻው አዘጋጅተሽ ከአለቃሽ በላይ ላለው ኃላፊ በመዝገብ ቤት በኩል አስገቢ፤ መልቀቂያውን ግን ምሰሶው መቆፈር ሳይጀምር አትስጪ፣ አንቺ ከወጣሽ ያንን ውጤት ስብሰባ ላይ አንሥቶ የሚከራከርበት ሰው የለምና።